ቅቤ ለምና ኒሻን የተሰጣት ወናፍ

ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰጠንሽ በሉኝ። እኔ እውነት ነው ብዬ አልምልም፤ እናንተም ውሸት ነው ብላችሁ አትማሉ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ወንዝ ዳር አንድ የቀጥቃጭ ቤት ነበር። ባለቤቱ አያ ጫንያለው ይባላል። አገሬው ማረሻውን ያሠራዋል፣ ማጭዱን ያስለዋል፤ ከዚያ ገበያ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል። ቡዳ ነው ይለዋል። አያ ጫንያለውም ለምዶታል። «ፊታቸውን ቢያዞሩ ምን ቸገረኝ፤ ማረሻቸውን አላዞሩብኝ» ይላል።

በዚያ ቤት ሁለት ወናፎች ነበሩ፤ ዳማና ቡሬ። ወናፍ ከመሆናቸው በፊት እህትማማች ፍየሎች ነበሩ። አሁን ቆዳቸው ብቻ ቀርቶ፣ የሸክላ አፍ ተገጥሞላቸው፣ ከምድጃው ግራና ቀኝ ተጋድመው እሳት ይነፋሉ። ሥራቸው እንዲህ ነው፦

አንዷ ስትስብ፣ አንዷ ስትተፋ፣
እሳቱ እንዳይሰክር፣ እሳቱ እንዳይጠፋ።

ዳማ ስትስብ ቡሬ ትተፋለች፤ ቡሬ ስትስብ ዳማ ትተፋለች። ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። የመሰለው ይሞክረው።

ዳማ ታላቅ ናት፤ ቆዳዋም አርጅቷል። ወናፍ ቅቤ ካልነካው ይደርቃል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ተቆርጦ የቀንበር ጠፍር ይሆናል። ዳማ ጠፍር መሆን አትፈልግም። አንድ ጊዜ ታርዳለች፤ ይበቃታል።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት እትዬ አንጓች የምትባል ሴት ጫፉ የተሰበረ ማረሻና አንድ ቅል ቅቤ ይዛ መጣች። ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ራሷ ቅቤ ካየ ቆይቷል፤ ጠጉሯ እንደ ደረቅ ሣር ቆሟል።

«አያ ጫንያለው» አለች፤ «ኀዘን ላይ ነኝ፣ ራሴን አልቀባም። ለራሴ የማልቀባውን ለወናፎችህ አምጥቻለሁ። ማረሻዬን ለሐምሌ አቦ አድርስልኝ። ከአቦ ካለፈ ጤፌ አለፈ። ከዚህ ወዲያ ያለው ቀጥቃጭ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ወንዙም ሞልቷል።»

«ይደርሳል» አለ አያ ጫንያለው።

ይደርሳል ያለ ሰው ወገቡ አይያዝም ያለ የለም። በማግስቱ ወገቡ ተያዘ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጸበል ይሻልሃል ተባለ። ከመሄዱ በፊት ዕቃዎቹን ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦

«ሦስት ሱባኤ እጠመቃለሁ። ሥራውን ታውቁታላችሁ። ቅሉ ውስጥ ያለው ቅቤ የወናፎቹ ነው፤ በየጠዋቱ አንድ አንድ ጣት ቀቧቸው። ከዚያ ንፉ፣ አግሉ፣ ቀጥቅጡ። ሌላ የሚያነጋግር ነገር የለውም።»

የሚያነጋግር ነገር በሌለው ነገር ሦስት ሱባኤ ሙሉ ተነጋገሩበት።

ገና ሲነጋ መዶሻ ሸንጎ ጠራ። መዶሻን የሾመው የለም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚጮኸው እሱ ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚሠራውም እሱ ይመስለው ነበር። ጌታው በሉኝ አለ፤ ጌታው አሉት።

ዳማ ሸንጎ የሚባል ነገር ስትሰማ ጎኗ ይኮማተራል። ፍየል ሳለች አንድ ጊዜ ብቻ ሰዎች ስለ እሷ ተቀምጠው መክረው ነበር። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ጀርባዋን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ይቺ ትሻላለች» ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የተመከረበት ምክር ሁሉ ከኋላው ቢላዋ ያለው ይመስላታል።

በሸንጎው እነማን ነበሩ? ጉጠት ነበረች፤ ብረት የምትይዝ፣ ለሁሉ ነገር አፏን ከፍታ የምትገጥም። አባ መስፍ ነበር፤ ብረት ሁሉ ጀርባው ላይ ሲቀጠቀጥ የሚኖር፣ ተናግሮ የማያውቅ። ከሰል ነበር፤ መዶሻ ጸሐፊ ብሎት የተባለውን ሁሉ በገዛ ገላው ግድግዳ ላይ የሚጽፍ። ድመትም ነበረች፤ ምን እንደምትሠራ ማንም አልጠየቃትም። መካሪ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላው ላይ ተጠርታ መጣች፤ እመት ጦጢት። እመት ጦጢት በአንድ ደብተራ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ክረምት ከርማ መጽሐፍ ሲነበብ ሰምታለች። ብረት ነክታ አታውቅም።

«የተሰበሰብነው ስለ ቅቤው ነው» አለ መዶሻ።

«ቅቤውማ የእኛ ነው፤ አያ ጫንያለው ተናግሮ ሄዷል» አለች ዳማ።

«እሱ ተናግሯል። እኛ ግን ገና አልተነጋገርንም።»

ከሰል ግድግዳው ላይ ጻፈ፦ ገና አልተነጋገርንም።

እመት ጦጢት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቅቤ ምንድን ነው?» አለች። «ዛሬ ይቀባል፣ ነገ ይደርቃል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቅቡኝ ይባላል። የሠራተኛን ቆዳ የሚቀባ ሁልጊዜ ሲቀባ ይኖራል። ልቡን የሚቀባ ግን አንድ ጊዜ ቀብቶ ይገላገላል።»

ሁሉም አደነቁ። ያልገባቸው ነገር ሁሉ ትልቅ ነገር ይመስላቸው ነበር።

«ልብ በምን ይቀባል?» አለ መዶሻ።

«በምስጋና።»

«እኔ ልብ የለኝም» አለች ዳማ። «ያን ጊዜ ጠብሰው በልተውታል። ያለኝ ቆዳ ብቻ ነው።»

«አያችሁ?» አለች ጦጢት። «ትጋት የጎደላት ለዚህ ነው።»

ከሰል ጻፈ፦ ትጋት ጎድሏታል።

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ጉጠት አፏን ከፍታ ገጠመች፤ ተስማማች ማለት ነው። መዶሻ ወደ አባ መስፍ ዞረ።

«አባ መስፍ፣ አንተስ ትስማማለህ?» አለና ጀርባውን መታው።

«ድንግ» አለ አባ መስፍ።

«ተስማማ።»

ከሰል ጻፈ፦ ሁሉም ተስማማ።

«ምስጋናው እስኪሠራ ቅቤውን ማን ይጠብቅ?» አለች ቡሬ፤ እሷም ቆዳ ናትና ነገሩ ያገባታል።

«እመት ድመት ትጠብቅ። ከእሷ የበለጠ ቅቤ የሚያውቅ የለም» አለ መዶሻ።

ድመት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ኃላፊነቱ ከባድ ቢሆንም እንደምትቀበለው ተናገረች።

ከዚያ ምስጋናው ተጀመረ። መዶሻ ወጣ ገባ እያለ ገጠመ፣ ጉጠት አጨበጨበች፦

ወናፍ ንፊ ንፊ፣ እስትንፋስሽ ሎሚ፣
ቅቤ ምን ያደርጋል፣ ስምሽ ሲሆን ቀዳሚ።

ጠዋት ሁለቱንም ይህን ይሏቸዋል፤ በቀትር ይህን ይሏቸዋል፤ ሲመሽ ይህን ይሏቸዋል። ዳማም ምን ታድርግ፣ ትነፋለች። ስትስብ ቆዳዋ ይንቋቋል፤ ስትተፋ ያስላታል። እሳቱ እንደ በሽተኛ ዓይን ብልጭ ይልና ይከደናል። ማረሻው ለብ ከማለት አላለፈም።

«እቴ፣ ሎሚ ሸተተሽ?» አለች ቡሬ።

«አመድ ነው የሸተተኝ» አለች ዳማ።

ሱባኤው ሲሞላ እትዬ አንጓች በዝናብ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«ማረሻዬስ?»

«በምስጋና ላይ ነን» አለ መዶሻ።

እትዬ አንጓች ነገሩ አልገባትም፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር መስሏት አማተበችና ሄደች።

ሁለተኛው ሱባኤ ገባ። የዳማ ጎን ላይ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። መሰንጠቅ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

«ጌታው፣ ቅቤውን» አለች።

መዶሻ ሸንጎ ጠራ። ቅሉ መጣ፤ ሲያዩት ጎድሏል።

«ምን በላው?» አለች ዳማ።

«ጥቂት ለእጀታዬ ነው የተቀባሁት» አለ መዶሻ። «የመሪ እጀታ ከደረቀ ቤቱ ይደርቃል።»

«እኔም ለመገጣጠሚያዬ» አለች ጉጠት። «አፌን ስከፍት ይንጫጫ ነበር፤ ድምፅ ስሰጥ ያሳፍራል።»

«የቀረውስ?»

ሁሉም ድመትን አዩ። ድመት ጺሟን ትልስ ነበር። «በየቀኑ ቀምሼ ነው የምጠብቀው» አለች። «ሳልቀምስ እንዳልተበላሸ በምን አውቃለሁ?»

ከሰል ጻፈ፦ ቅቤው አልተበላሸም።

ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ። ምስጋናው ለምን አልሠራም ተባለ። እመት ጦጢት ራሷን ነቀነቀች።

«ሁለቱን እኩል ስላመሰገናችሁ ነው። እኩል የተመሰገነ እንዳልተመሰገነ ነው። አንዷን ለዩ። ይወዳደሩ። በኃይል የነፋችው ቅቤውን ትቀባ።»

«እመት ጦጢት፣ እኛ እኮ ተራ በተራ ነው የምንነፋው» አለች ዳማ። «አንዷ ስትስብ አንዷ ትተፋለች። ሥራው እንዲህ ነው።»

«እንግዲያ ግማሹን ጊዜ አንዳችሁ ሥራ ፈት ናችሁ ማለት ነው።»

«ሥራ ፈት አይደለንም፣ እየሳብን ነው።»

«መሳብ መውሰድ ነው፣ መስጠት አይደለም።»

መዶሻ በነገሩ ተደነቀ። ይህን ያህል ዘመን አብሯቸው ሲሠራ ግማሹን ጊዜ እየተታለለ ኖሯል። ከሰል ጻፈ፦ ግማሹን ጊዜ ሥራ ፈት ናቸው። ግድግዳው ስለ ሞላ በሩን መጻፊያ አደረገው። ከሰል ራሱ ከግማሽ በታች ሆኗል።

«አባ መስፍ፣ ትስማማለህ?»

«ድንግ።»

«ተስማማ።»

ዳማ ወደ እህቷ ዞረች። «ቡሬ፣ እንደ ልማዳችን እንንፋ። ያወዳድሩን፤ የፈለጉትን ይበሉ።»

ቡሬ የእህቷን ጎን አየችና፣ «አንቺ ታላቅ ስለሆንሽ ቆዳሽ ቀድሞ ደረቀ። የእኔስ ቆዳ አይደለም?» አለች።

ከአንድ እናት ጡት የጠቡ፣ ከአንድ ግራር ቅጠል የበሉ፣ በአንድ ቢላዋ የታረዱ እህትማማቾች ናቸው። በአንዲት ጣት ቅቤ ተለያዩ።

ውድድሩ ተጀመረ። ሁለቱም እኩል ተፉ። እሳቱ ሰከረ፤ ተነሥቶ ጣሪያውን ላሰ፤ የእመት ጦጢት ጅራት ጫፉ ተለበለበ። ማረሻው በአንድ አፍታ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ሳቡ። ፍሙንም አመዱንም ረመጡንም ወደ ሆዳቸው ሳቡት። እሳቱ ጠፋ። በቤቱ ውስጥ የሁለት ወናፎች ሳል ብቻ ቀረ።

«ብረቱ ቀልቷል» አለች ዳማ ሳሏ እያቋረጣት። «ጌታው፣ ሳይበርድ ጫፉን አውጣለት።»

«ቆይ» አለች ጦጢት ጅራቷን እየላሰች። «ለአሸናፊዋ ኒሻን ያስፈልጋል። ሌላ የጋለ ብረት የላችሁም።»

መዶሻ አሰበ። ማረሻ ብዙ ሠርቷል። ኒሻን ሠርቶ አያውቅም። ጉጠት ያዘች፤ መዶሻ መታ፤ አባ መስፍ ድንግ ድንግ አለ። ከማረሻው ላይ መዳፍ የሚያህል ተቆርጦ ተጠፈጠፈ። እንዲሰካ ተብሎም ከኋላው እንደ ሚስማር የሾለ ጭራ ወጣለት። እንዲያ ያለ ማለፊያ ሥራ በዚያ ቤት ተሠርቶ አያውቅም፤ እውነቱን መናገር ይገባል።

ማረሻው ግን ድሮ ጫፍ የሌለው ነበር፤ አሁን ወገብም አጣ።

ሱባኤው ሲሞላ እትዬ አንጓች መጣች።

«ማረሻዬስ?»

«በውድድር ላይ ነን» አለ መዶሻ።

«ከማን ጋር?»

«እርስ በርሳችን።»

እትዬ አንጓች ለአፍታ ቆማ አየቻቸው። «ሣሩ እርሻዬን ውጦታል» ብላ ሄደች።

ሦስተኛው ሱባኤ ገባ። እሳት አልነበረም። እሳት ለማንደድ ጊዜም አልነበረም፤ ኒሻኑ የሚሰጥበት ሥርዓት ይመከር ነበርና። ማን የት ይቀመጥ? ማን ይቁም? ጉጠት ከመዶሻ በስተቀኝ ትሁን ወይስ በስተግራ? በዚህ ብቻ ሦስት ቀን አለፈ። ከዚያ ማን እንዳሸነፈ ማንም እንደማያውቅ ትዝ አላቸው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማን ያያል?

«ለዳማ ስጧት» አለች ጦጢት።

«በኃይል የነፋችው እሷ ናት?»

«አይደለም። ቅቤ አብዝታ የጠየቀችው እሷ ናት። የተሸለመ ሰው አይጠይቅም፤ ያፍራል።»

«አባ መስፍ፣ ትስማማለህ?»

«ድንግ።»

የአቦ ዋዜማ ሁሉም በየደረጃው ቆመ። ከሰል ሥርዓቱን ለመጻፍ በመጨረሻ ጉልበቱ በሩ ላይ ተንጠለጠለ። መዶሻ እጀታውን አብርቶ ወጣ።

«ዳማ» አለ።

ዳማ ቀና አለች። ልትጠይቅ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅቤውስ? ነገር ግን ስሟ በዚያ ድምፅ ሲጠራ፣ ዓይኖች ሁሉ ወደ እሷ ሲዞሩ፣ ጉጠት ስታጨበጭብ፣ በሕይወቷ ሁሉ ያልተሰማት ነገር ተሰማት። ፍየል ሳለች ማንም በስሟ ጠርቶ አላቆማትም። ወናፍ ከሆነች ወዲህም ሰው የሚያየው እሳቱን ነው እንጂ ወናፉን አይደለም። ለአንድ አፍታ ቅቤውን ረሳች። ትንፋሿን ሁሉ ስባ፣ ጎኗን ነፍታ፣ ደረቷን ሰጠች።

መዶሻ ኒሻኑን ደረቷ ላይ አስቀምጦ በአንድ ምት ቸነከረው።

ስስስስስ አለ።

«ምን አለች?» አለ መዶሻ።

«በደስታ ቃል አጣች» አለች ጦጢት።

ከሰል ሊጽፍ ሞከረ። የቀረው ገላ የሚበቃው ለአንድ ቃል ብቻ ነበር። በደስታ ብሎ ጻፈ፤ ቃል አጣች የሚለው ሳይጻፍ ከሰል አለቀ። ያ ሁሉ ጥቁር ግድግዳ፣ ያ ሁሉ ጥቁር በር፤ ለምድጃው አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀረም።

ዳማ መሬት ላይ ተነጠፈች። ቡሬ ከወዲያ ማዶ ታያታለች።

«ባለ ኒሻኗ ትንፋ እንግዲህ» አለች ቡሬ፤ ፊቷንም አዞረች።

በማግስቱ ሐምሌ አቦ ሆነ። እትዬ አንጓች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። ነጠላዋ ከዝናቡ የተነሣ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። በሩን ከፈተች። ግድግዳውን አየች። የቀዘቀዘውን ምድጃ አየች።

«ማረሻዬስ?»

መዶሻ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ማረሻሽ ለታላቅ ነገር በቅቷል። ይኸው፣ ዳማ ደረት ላይ ነው።»

እትዬ አንጓች አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋ ከራሷ ሸርተት አለ። ዳማ ጠጉሯን አየችው፤ ደርቆ የተሰባበረ፣ እንደ እሷ ጎን ነጫጭ መስመር ያለው። ለራሷ ያልቀባችው ቅቤ መዶሻ እጀታ ላይ ያብረቀርቃል። ድመት ጺም ላይ ያብረቀርቃል።

«ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?» አለች ሴትዮዋ፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው።

ዳማ ያን ጊዜ፣ ቅቤውን በረሳችበት በዚያ አንድ አፍታ ምን እንደ ሸጠች ገባት።

«ቡሬ» አለች፤ ድምፅ የለም፣ ነፋስ ብቻ ነው። «እህቴ።»

ቡሬ ፊቷን አልመለሰችም።

«ኒሻኑን ነቅለሽ ውሰጂው አልልሽም፤ ይህስ ለማንም አይመኙለትም። ነይና ቀዳዳዬ ላይ ተደገፊ። ጎንሽን ይዘሽ ድፈኚልኝ። እኔ ስስብ ተጫኚኝ፣ እኔ ስተፋ አንቺ ሳቢ።»

ቡሬ እስኪበቃት ቆየች። ከዚያ ተንከባልላ መጣችና ጎኗን በእህቷ ደረት ላይ አስደገፈች። ስስስ ያለው ቆመ። ዳማ ሳበች፤ ቡሬ ተፋች። ቡሬ ሳበች፤ ዳማ ተፋች።

አንዷ ስትስብ፣ አንዷ ስትተፋ፤ እንደ ድሮው ሆነ። አመዱ ተነሣ፣ ብናኙ ተነሣ። እሳት ግን የለም፤ እሳት የሚሆነው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ቢሆንም እየነፉ አመሹ። ሴትዮዋም ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ተነሥታ ሄደች።

የአቦ ማግስት አያ ጫንያለው ወገቡ ተቃንቶ መጣ። ከበሩ ላይ ያለውን ማንበብ ጀመረ፤ ከበሩ ወደ ግድግዳው አለፈ። ማንበቡ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ማንበብ የሚችል ቀጥቃጭ ብርቅ ነውና እየተንተባተበ ነው። ጨርሶ ሲዞር ዳማን አየ። ተንበርክኮ በሁለት ጣቱ ኒሻኑን ነቀለላት።

«ማን ነው ይህን ያደረገ?»

«ሁሉም ተስማምቶ ነው» አለ መዶሻ።

አያ ጫንያለው ሊመታበት ይሁን ሊመታው ባይታወቅም መዶሻን ከእጀታው ብድግ አደረገው። ያ እጀታ ደግሞ ሦስት ሱባኤ ቅቤ ጠጥቷል። ሽልክ ብሎ ከእጁ ወጣ፤ በበሩ አለፈ፤ ወንዙ ዳር ካለው ጭቃ ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ። በዚያም ሆኖ ሸንጎ ሲጠራ ይሰማ ነበር። የመጡለት እንቁራሪቶች ናቸው።

ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ፣ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባ መስፍ ተናገረ።

«ቅቤውን ቀቧቸው» አለ።

ሁሉም ዞሩ። «ምን አልክ?» አለ አያ ጫንያለው።

«ቅቤውን ቀቧቸው። ይህን ልል ነበር፤ በመጀመሪያው ሸንጎ፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።»

«ታዲያ ምነው ሳትል ቀረህ?»

«ሲጠይቀኝ ይመታኛል። ሲመታኝ ድንግ እላለሁ። ድንግ ስል ተስማማ ይላል።»

አያ ጫንያለው ቅሉን ገለበጠው። ባዶ ነው። ስለዚህ መዶሻን ከጭቃው አውጥቶ አጠበው፤ እጀታውን በቢላዋ ፋቀ፤ የጉጠትን መገጣጠሚያ ጠረገ፤ ያገኘውን ቅቤ ከጭቃና ከዝገት ጋር ሰብስቦ ለሁለቱ እህትማማቾች እኩል ቀባ። ድመትን ግን ምን ያድርጋት? ተጨምቃ አትወጣም። ለረጅም ጊዜ አያት። እሷም አየችው። የዳማን ቀዳዳ በቁራጭ ቆዳ ጠቀመ፤ ከሰል ከጎረቤት ተበደረ፤ ኒሻኑን አግሎ ከማረሻው ጋር መልሶ በየደው።

አንዷ ሳበች፣ አንዷ ተፋች። በአንድ ቀን አለቀ። ሦስት ሱባኤ የተመከረበት ሥራ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

እትዬ አንጓች ግን ጤፏ አልፏታል። ሣሩን ስታርስ ክረምቱን ጨረሰች፣ መስከረም ላይ በእርጥቡ መሬት ሽምብራ ዘራች። ያን ዓመት እሷና ልጆቿ ቁርስ ሽምብራ፣ ምሳ ሽምብራ፣ እራት ሽምብራ በሉ። ማረሻው ላይ ኒሻኑ የተበየደበት ቦታ ጠባሳ አለው። በዚያ አገር የተሸለመ ማረሻ ያላት እሷ ብቻ ናት። ኩራት ግን ወጥ አይሆንም።

እመት ጦጢትስ? እመት ጦጢትን ምን ይነካታል። በዚያው ሳምንት ወደ ሸማኔው ቤት ሄደች፤ የቀጥቃጩን ቤት እንዴት እንዳቀናች ተናገረች፤ በክብር ተቀበሏት። አሁን ሸማኔው ቤት መወርወሪያው ሙሉ ካባ ለብሷል ይባላል። ሸማኔው ግን ብርድ ይዞታል፤ ራቁቱን ነው።

ምስጋና ለተቀባ ጌጥ ነው፤ ለደረቀ ግን ሚስማር ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ ትንፋሿ አለቀ። መልካም ተናገርሽ አትበሉኝ፤ ቅቤ ያለው ያምጣ።